ከአሥር ዓመት በኋላ የሚበሱ ዛፎች

ቨርሞንት፣ መጋቢት

ውድ ኤልዊን፣

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ በረዶው አልሄድ ከማለቱ በቀር ደህና ነን። የሜፕል ዛፎቹን በስተን ጣፋጭ ውሃቸውን ቀድተናል፤ ሽሮፕ እስኪሆንም እየፈላ ነው።

ወንድምህ ሜሪል ክሊኒክ ሄዶ የልብ ኢሲጂ ተነሣ። ሐኪሟ «ዛሬ ደህና ነህ፤ ኮምፒውተሩ የልብህን ምት አይቶ የሚተነብየው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ልብህ የሚሆነውን ነው» አለችው።

«የነገውን በረዶ እንኳ መች አወቃችሁ!» ብሎ ሳቀባት። ምን እንደተነበየ ስጠይቀው «ከፊል ደመናማ» ብሎ አሾፈብኝ።

በማግስቱ ጫካ ይዞኝ ወጣ። ገና ቀጫጭን ለሆኑት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚበሱት ዛፎች ቀይ ጨርቅ የሚያስረው ሁልጊዜ እሱ ነው፤ ማንንም አያስጠጋም። ዘንድሮ ጨርቁን ለእኔ ሰጠኝ።

«እሰሪው፤ የትኞቹ እንደሆኑ አንቺም እወቂያቸው» አለኝ። አጥብቄ አሰርኩ።

ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለፋሲካ ብቅ በል። ሜሪል ጻፊለት አላለኝም፤ ስትመጣ ሽሮፕ አምሮኝ ነው የመጣሁት በለው።

የወንድምህ ሚስት ሎይስ