ጎማ ይቅርታ የጠየቅኩበት ቀን

ዓርብ፣ ጥር 21

ዛሬ ጎማ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ባለፈው ሳምንት ካፊሌ፣ የምሾፍርለት ሳዑዲው አሠሪዬ አቡ ናስር፣ ደማም ከተማ ጎማ ቤት ይዞኝ ሄዶ፣ ለበረሃ መኪናው ጥርሱ የአዞ የሚመስል የጭቃ ጎማ መረጠ። የወሎ ልጅነቴ ተነሳብኝና ሾፌርነቴን ረስቼ አስተማርኩት፦ «ባባ፣ ጭቃ ያለው እኛ አገር ነው። እዚህ ጭቃ ማፊ፣ የለም! ለአሸዋ ለስላሳው ይሻላል።» ሳቀና ጥርሳሙን ገዛ።

ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ በረሃ ወዳሉት ግመሎቹ ስንሄድ፣ መንገድ ላሳጥር ብዬ ነጭ ደረቅ ሜዳ ውስጥ ገባሁ። ለካ ላዩ የጨው ቅርፊት፣ ሥሩ ጭቃ ኖሯል! መኪናው ሰመጠ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በዚህ ወር ነው፤ የሚያሳድሰውም እሱ ነው፤ ካፊሌ ደግሞ አጠገቤ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ቀስ እያልኩ ነዳጅ ስሰጠው፣ ያ የሰደብኩት ጎማ ጭቃውን እየነከሰና እየተፋ አወጣን።

«ሰዒድ፣ ጭቃ ማፊ?» አለኝ አቡ ናስር።

«ባባ፣ ከወሎ ተከትሎኝ መጥቶ ነው!»

ኹበር ከተማ ቤቱ እስክንደርስ ሳቀ። ሲወርድም «እሁድ ኢቃማህን አሳድሳለሁ» አለኝ።

ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ፣ በገዛ መፋቂያዬ የጎማውን ጥርስ እየፋቅኩለት ነው፤ በየጥርሱ አንድ አልሐምዱሊላህ። ይህን ልጽፍ ነው ያረፍኩት። ገና ሁለት ጎማ ይቀረኛል።