ያስቀረሽው ኮረብታ

ለመጨረሻዋ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ብርድ ሲገባ የሚይዝሽ የጎን ውጋት ተወሽ ወይስ አሁንም እየመጣ ይጠይቅሻል? ባልሽ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እንቅልፍስ ታስተኛችኋለች? አማትሽ አሁንም ከናንተው ጋር ናቸው? ያቺ በጩኸት የምታሠራሽ አለቃሽስ ለመደችሽ ወይስ አንቺ ለመድሻት? ሁላችሁም ደኅና ሁኑልኝ፤ እዚያ ድረስ መጥቼ ላስታምማችሁ አልችልምና አትታመሙ። እኔ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የመጣውን እሰድባለሁ። ጉልበቴ ብቻ አብጧል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ይሄን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ቆሞ ይሄዳል፣ አንዱ ተኝቶ። ወንድምሽ ሁልጊዜ "አባዬ፣ ስልኩ ላይ ተናገርና እኔ ልላክላት" ይለኛል። በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ነው፤ ሰው "አልሰማሁም፣ ተቆራረጠብኝ" ይላል። ወረቀት አይቆራረጥም። ቀስ ብለሽ አንብቢው። የማይነበብ ፊደል ቢያጋጥምሽ ዝለዪው፣ የቀረው ይበቃሻል።

በመጀመሪያ ስለ ስጦታሽ ምስጋና ይድረስሽ። "አባዬ፣ ልደትህ ነው" አልሽኝ። እኔ የተወለድኩበትን ቀን የወለደችኝ እናቴም አታውቀውም፤ አንቺ ከየት እንዳገኘሽው እንጃ። "ዕድሜህን ሙሉ ዳቦ ያመላለስክበትን ከተማ አንድ ቀን እንኳ እንደ ጎብኚ ተዝናንተህ እየው፤ ባትሪ ያለው ብስክሌት ነው፣ አስጎብኚ አለው፣ ሁሉንም ጨርሻለሁ" አልሽ። ሰው የገዛ ከተማውን ሊጎበኝ ይወጣል እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። በሆዴ ግን፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ልጄ አሰበችኝ አልኩ። ለጎረቤቱም ሁሉ አወራሁ። ጠዋት ወንድምሽ ሳይጠራ መጣ፤ ጫማዬን ወልውሎ በሩ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። መንቃት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። እኔ ጫማ የሚወለውል ልጅ መቼ ወለድኩና!

ብስክሌቶቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሁሉም እንደ ነፍሰ ጡር መሃላቸው ተነፍቷል። ባትሪው ነው አሉኝ። አስጎብኚው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። ስሙን ነግሮኝ ነበር፣ አልያዝኩትም፤ ፊሽካ ነው የምለው። አብረውኝ የሚጎበኙት አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሱ ሙሽሮችና ሆዱ ቀድሞት የሚደርስ አንድ ነጋዴ ናቸው። ፊሽካ "አባባ፣ ይቺን ቁልፍ ሲጫኑ ራሱ ይገፋዎታል፣ እርስዎ እግርዎን ማዞር ብቻ ነው" አለኝ። "የሚገፉት የአልጋ ቁራኛን ነው፣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ" ብዬ ሞተሩን አጠፋሁት። ስንት ዘመን ከፊት ዳቦ፣ ከኋላ ዳቦ ጭኜ በዚህ ከተማ ዳገት የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ባዶ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ልገፋ?

ያ ብስክሌት ሞተሩ ሲጠፋ ግን ብስክሌት አይደለም፤ አልሄድም ያለ አህያ ነው። እነሱ ላብ ሳይነካቸው ይንሳፈፋሉ፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ እደርሳለሁ። ነጋዴው ዘወር እያለ "አባባ ባትሪውን ለልጅ ልጃቸው እያስቀመጡላት ነው" ብሎ አሳቀብኝ። "አንተስ ያንን ሆድ ለማን ነው የምታስቀምጠው?" አልኩት። ቁልፉን ተጭኖ ቀድሞኝ ሄደ።

የዱሮ ዳቦ ቤታችን ጋ ቆምን። ጭስ ማውጫው ብቻ ቀርቷል፤ ከሥሩ መነጽር ይሸጣሉ። እኔ ስደርስ ፊሽካ ንግግሩን ጀምሯል። "ከዚህ ቤት በየማለዳው ዳቦ አከፋፋዮች በብስክሌት ይወጡ ነበር፤ ዛሬ ከነዚያ ሰዎች አንድም በሕይወት የለም" ይላል። "አንዱ ገና እየሞተ ነው፣ ትንሽ ታገሡት" አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ሙሽራዋ "ውይ፣ እሳቸው ናቸው! ፎቶ፣ ፎቶ!" ብላ ከጭስ ማውጫው ሥር አቆመችኝ። ተራ በተራ እየመጡ አጠገቤ ቆሙ። "አባባ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ" ይሉኛል። ነጋዴው ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣለው፤ እኔ መደገፊያ አጥር ነኝ። ስጦታሽ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ኮረብታው ልምጣ። ብስክሌቶቹ ቆመውበት በነበረው ግድግዳ ላይ የተሣለው የጉብኝቱ መንገድ የሚያልቀው ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እግሩ ሥር ስንደርስ ግን ፊሽካ ፊሽካውን ነፋና "ዛሬ ኮረብታውን እንተወዋለን፣ በወንዙ ዳር እንመለሳለን" አለ። ሙሽራው አኮረፈ፤ "የመጣነው ለሱ አይደለም እንዴ?" አለ። ፊሽካ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። ሙሽራዋም አየችኝና የባሏን ጆሮ ይዛ "በሳቸው ምክንያት ነው፣ ተወው፣ ነውር ነው" አለችው። ሹክ ያለች መስሏት ነው። ጆሮዬ እንደ ጉልበቴ አላረጀም።

ደሜ ፈላ። እኔ ነኝ የማልወጣው? አንቺ ጡት የምትጠቢ ሳለሽ በዚያ ዳገት ለሐኪም ቤቱ ዳቦ አመላልስ የነበርኩት ሰውዬ? መሪውን ወደ ዳገቱ አዙሬ ፔዳሉ ላይ ቆምኩ። ከኋላዬ ፊሽካው ጮኸ። "አባባ፣ መንገዱ ተዘግቷል!" አለ። ትንሽ ቆይቶ "አባባ፣ ዝናብ እየመጣ ነው!" አለ። ከዚያ ደግሞ "አባባ፣ ልብዎን!" አለ። ዳገቱ በታጠፈ ቁጥር ውሸቱም ይታጠፋል። እሱ የሞተሩን ቁልፍ ተጭኖ ያለ ድካም ደረሰብኝና ጆሮዬ ሥር እንደ ዝንብ "በእናትዎ፣ በእናትዎ ይመለሱ" እያለ አብሮኝ ወጣ። እኔን የናቀኝ መሰለኝ። የናቀኝ መስሎኝ፣ ልጄ፣ ጉልበቴ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ እያሰማ ወጣሁ። ሞተሩን አልነካሁትም።

አናቱ ላይ ስንደርስ ቀድሞኝ ወረደና እጆቹን ዘርግቶ ፊቴ ቆመ። "በዚህ በኩል ይዩ አባባ፣ እዚያ ማዶ ስታዲየሙ አለ" ይላል። "ስታዲየም ምን ያደርግልኛል፣ ዞር በል" ብዬ በክንዴ ገፋሁት።

ከዚያ አናት ላይ መጀመሪያ የማየው ሁልጊዜም ቤታችንን ነው። አንቺም ትንሽ ሆነሽ ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ "ያውና ቢጫው!" ትይ ነበር። ከዳቦ ቤቱ ጋሪ በተረፈ ቀለም የጣሪያውን ቆርቆሮ የቀባችው እናትሽ ናት። እኔ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስንጠለጠል ያዞረኛል፤ መሰላሉን ነበር የያዝኩት። "ከየትም ብትሆን ቤትህ ይታይሃል፣ ጠፋብኝ ብለህ እንዳታመሽ" አለችኝ ከላይ ሆና። ቀለሙ ጠቃጠቆዋ ላይ ተረጭቶ ነበር።

አየሁት። የጣሪያው ግማሹ ቢጫ ነው፣ ግማሹ እንደ ጎድን አጥንት የገጠጠ እንጨት። ሰዎች እላዩ ላይ እንደ ቁራ ቆመዋል። እያየሁ አንዱን ቆርቆሮ ነቀሉት፤ ፀሐይ መታውና ብልጭ ብሎ ወደ ግቢው ወረደ። ድምፅ የለውም። ሙሽሮቹም ደርሰው ኖሯል፣ "ዋው፣ እንዴት ያምራል ከተማው!" ይላሉ ከጀርባዬ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት ፊሽካን። ፊሽካውን በጣቶቹ እያሻሸ መሬት መሬት አየ። "አባባ፣ ልጅዎ ናት አደራ ያለችኝ" አለ። "የውጭዋ። ኮረብታው ላይ እንዳይወጣ፣ ሳይመሽም እንዳይመለስ አለችኝ። ካየ ልቡ ይሰበራል ብላ በስልክ አለቀሰች።"

እንግዲህ ይሄ ነው። እኔ ስለ ሽምግልናዬ የቀረ መስሎኝ የወጣሁት ኮረብታ አንቺ ያስቀረሽው ነው። ያን ያህል ርቀሽ ሳለሽ ከየት ሆኖ ጣሪያዬ እንደሚታይ አልረሳሽም።

ያን ጊዜ ቁልፉን ተጫንኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥሩ ነገር ነው። እግር ሳይጠይቅ ይሄዳል። በደጉ ዘመን ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ ጉልበቴ የሰው ጉልበት በሆነ። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳልይዝ ስበር ሙሽሮቹ ከላይ አጨበጨቡ። "ጎበዝ አባባ! አሁን ገባዎት!" ሲሉ ሰማኋቸው።

ወንድምሽ ግቢው በር ላይ ከግንበኞቹ አለቃ ጋር ቆሞ ውሃ ይጠጣል። ሲያየኝ ምን አለ መሰለሽ? "ጉብኝቱ አለቀ እንዴ?" ነው ያለው። ከአፉ የወጣው ይሄ ነው። አልጋው፣ የእናትሽ ሣጥንና ወንበሮቹ መኪና ላይ ወጥተዋል። "አባዬ፣ ግድግዳው ሊናድብህ ነው፣ ባለፈው ወድቀህ ያነሳሁህ እኔ ነኝ፣ የኔ ጓሮ ክፍል ተዘጋጅቶልሃል" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ደግሞ አንተ ራስህ በሰው ፊት ቤቱ የናንተ ነው፣ በፈለጋችሁ ቀን አፍርሱት ብለሃል" አለኝ።

ብያለሁ። እናትሽን ቀብረን ዘመድ ሁሉ እንደተቀመጠ፣ "እኛ ጋ ና" ስትሉኝ ብያለሁ። የጭቃ ግድግዳ ታቅፎ ቀረ እንዳልባል ነው ያልኩት። ግን ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚባለው እኮ "ኧረ አባዬ፣ አንተ እያለህ!" እንዲባል ነው። ብላችኋልም። አንቺ እግሬ ላይ ወድቀሽ ነው ያልሽው። የኔን ቃል ያዛችሁና የናንተን ጣላችሁት።

ብስክሌቱን ይዤ ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። ጣሪያ የሌለውን ቤት በር መቆለፍ ያስቃል፤ ወንድምሽ ግን አልሳቀም። የግንበኞቹ አለቃ "ሽማግሌው ውስጥ እያሉ ሚስማር አልነቅልም፣ እስከ ጠዋት ተነጋገሩ" ብሎ ሰዎቹን ይዞ ሄደ። ጠዋት ይመጣሉ። እኔም አለሁ። ጀርባዬን መቃኑ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍልሽ፤ እናትሽ እኔን ስትጠብቅ በትከሻዋ ያለሰለሰችው ቦታ ላይ። ወንድምሽ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በየመሃሉ ጥሩንባ ይነፋል። ይንፋ።

ፊሽካም መጥቷል። "አባባ፣ ብስክሌቱን ይስጡኝ፣ ከሥራ ያስወጡኛል፣ የልጅ አባት ነኝ" ይላል በበሩ ቀዳዳ። ደግ ሰው ነው፤ አላዘንኩለትም። ይሄን ጽፌ ስጨርስ እሰጠዋለሁ፣ ፖስታ ቤትም የሚያደርሰው እሱ ነው። ያንቺን አደራ እንዲህ የጠበቀ የኔንም አይጥልም። ዝናቡ ጀምሯል። እዚህ ላይ ቀለሙ የተበተነው ዝናብ ነክቶት ነው፤ እንባ ነው ብለሽ ደስ እንዳይልሽ።

ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ እሱም ያውቅ እንደነበር ጠይቂልኝ፣ መልሱን ግን አትላኪልኝ። አማትሽን ጤና ይስጥልኝ በያቸው፤ በገዛ ልጃቸው ቤት በሚቀመጡበት ወንበር እንዲጠነቀቁ፣ የሚነሳ ዕቃ ነው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ስታድግ ብስክሌት አስተምሪያት፣ ሞተር የሌለው። አያትሽ የት ነው ስትልሽ የምትያትን አንቺ ታውቂበታለሽ። ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል እንዳልል አላለም፤ አልጠየቅኩትምም።

ለአንቺ ለራስሽ የምለው ይሄ ነው። ሰውን እንዳይከፋው ብሎ ዞር ማድረግን ካንቺ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ከአጥሩ ማዶ ለቆሙት ጎረቤቶች በሙሉ፣ ወንድምሽ እየሰማ፣ አደራ ብያለሁ፤ እኔ የሞትኩ ቀን አንቺን የሚያረዳሽ እንዳይኖር። ስትደውዪ "አባትሽ ከተማውን ሊጎበኝ በብስክሌት ወጥቷል፣ ሲመሽ ይመለሳል" ይሉሻል። በማግስቱም ብትደውዪ እንደዚያው ይሉሻል። ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው።

አባትሽ

ከቢጫው ቤት፣ ከመቃኑ ሥር
ሐሙስ፣ ሰኔ ሲገባ