«አሉ» ስንት ሰው ነው?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ጠዋት 2 ሰዓት

ውርጭ። ቧንቧው ደርቋል፤ ፊቴን ሳልታጠብ ክፍል ልገባ ነው። ሜሮን ደወለች፣ የወ/ሮ ዘሀራ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ። ለክሱ የመንግሥት መልስ በአህጉራዊው ፍ/ቤት በኩል ደርሷታል። ትንሽ ሳቀች። የሳቋ ነገር ደስ አላለኝም።

8 ሰዓት

መልሱ አጭር ነው። የወ/ሮ ዘሀራን ባል የወሰዱት ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች ናቸው፤ መንግሥት አይጠየቅበትም። ማስረጃቸው የኔው ትርጉም። «ሰዎቹ መጡ፣ ሰዎቹ አዘዙ» ብዬ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህም ብያለሁ፦ ሰዎቹ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ።

ሜሮን፦ «መምህር፣ ሁሉም ስንጥር ይዘው ነው የመጡት?»

ሳቅሁ። ከዚያ የተቀዳውን ድምፅ ስልኬ ላይ ፈለግኩ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ማለዳ

ድምፁን ደግሜ ሰማሁት። ክረምት ላይ የተፈናቃዮቹ መጠለያ ውስጥ በስልኬ የቀዳሁት ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣ ከሥሩ የወ/ሮ ዘሀራ ድምፅ፦ «መጡ። ከመኪና ወረዱ። ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣ አንሱት አሉ።»

መጡ። ወረዱ። አሉ። ብዙ ሰው ቢሆን እንዲህ ይባላል። አንድ የተከበረ ሰው ቢሆንም እንዲሁ ነው። ደብተሬ፣ ይሄን ነው ቋንቋ የሚያስተምር ሰው የሳተው! ወ/ሮ ዘሀራ አንቱታ የሚነፍጉት ሰው የለም። ለኔም፣ ስንዴ ለሚሰፍረው ጎረምሳም። ያኔ የጠበቅሁት መንጋ ነበር፤ መንጋ ሰማሁ።

ይኸው አሁንም «የሚነፍጉት» ብዬ ጻፍኩ። ስንት ዘሀራ ናቸው?

«አንሱት» ብሎ ያዘዘው አንድ ሰው ከሆነ ሹም ነው። ሹም ከሆነ መንግሥት ነው። ክሱ የቆመው እዚች ላይ ነው። እርማቱ እስከ ሰኞ ቀትር ካልደረሰ የሳቸው ጉዳይ ከመዝገቡ ይወጣል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ከጁምዓ በኋላ

መጠለያው። የተሰጣ ልብስ እንደ ቆዳ ደርቆ ቆሟል። ወ/ሮ ዘሀራን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኋቸው፦ ያን ቀን «አንሱት» ያሉት ስንት ነበሩ? ሞኝ ልጅ እንደሚታይ አዩኝ።

«ምን ስንት አለው መምህር? ሹሙ ናቸው እንጂ። ፖሊሶቹማ የሳቸውን አፍ ነው የሚያዩት።»

ታዲያ ለምን «እሳቸው» ይሏቸዋል?

«በዒድ እኛ ቤት በልተዋል። እህሌን የቀመሰን ሰው ‹እሱ› ልበለው? ወላሂ፣ አፌ እሺ አይለኝም።»

ጎረቤታቸው ከመጋረጃው ወዲያ፦ «አንቺ እኮ ጅቡንም አንቱ ትያለሽ!»

«ጅብ ሰው አያዝም» አሉ ወ/ሮ ዘሀራ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

የሹሙን ስም ይነግሩኛል? ታናሽ እህታቸው እዚያው አገራቸው ቀርታለች፤ ከሹሙ ቤት ወፍጮውን ተሻግሮ። እስከ ሰኞ ላስብበት አሉ። እንዲያስቡ መፍቀድ የኔ ይመስል ራሴን ነቀነቅሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሜሮን በጽሑፍ፦ የምስክሯ ቃል ብቻ አይበቃም። ተርጓሚው መሳሳቱን በመሐላ ያረጋግጥ። ሙሉ ስም፣ የሥራ ቦታ። እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ «ሁለተኛው ተርጓሚ» ነበርኩ። ደስ የሚል ስም ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው የዩኒቨርሲቲው ቤት ውስጥ ነው። ሌላ የተረጎምኩትም ሁሉ ይመረመራል። ሌላ ስንት «አሉ» አለ?

ቀኑን ሙሉ የተማሪ ወረቀት አረምኩ። አንዱን ሁለት ጊዜ አርሜ የተለያየ ነጥብ ሰጠሁት።

ኅዳር 7፣ እሑድ። ጎረቤላ፣ አባቴ ቤት

ጭጋጉ ከቆላው ወጥቶ መንገዱን ውጦታል፤ ሚኒባሱ መብራት አብርቶ ነው የገባው። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይጠብቃሉ። ሳልጠቀልል ነገርኳቸው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ። አበቃ አልኩ በልቤ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፦

«ንጉሥ ነው ያልኩት። ዛሬ ምስለኔውም ነገሠ እንዴ?»

ሲስቁ ሳል ያዛቸው። ይሁን ማለታቸው ነው? ደፍሬ አልጠየቅኩም። ለእናቴ እንዳልነግር አስጠነቀቁኝ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ፣ ስሜን ላለመስጠት ለሜሮን የምጽፈውን ሰበብ አሳመርኩ። ቆንጆ ሰበብ ነበር። ምስክሯን ለመጠበቅ ሲባል፣ የሚል።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል

ከመጠለያው መመለሴ ነው። ቢሮ። ቶሎ ልጻፍ።

ወ/ሮ ዘሀራ ቆመው ጠበቁኝ። እህታቸው ጋ ደውለዋል፤ «እኔን ብለሽ አትተዪው» አለችኝ አሉ። ከዚያ ስሙን ነገሩኝ፣ ከነአያቱ። አሁንም «እሳቸው» እያሉ። ጻፍኩ፣ አነበብኩላቸው። «አንድ ሰው ናቸው፤ ብቻቸውን ነው ያዘዙት» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። አሻራቸውን አኖሩ። ቀለሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሰበቤ ተጽፎ ኪሴ ውስጥ ነበር። ላወጣው ስል ባዶውን መስመር በጣታቸው ነኩት። ይሄስ የማነው? የተርጓሚው፣ አልኩ።

«አንተስ፣» አሉ፣ «ስምህን ትጽፋለህ?»

አንተ። እስከ ዛሬ መምህር ነበርኩ፣ እርስዎ ነበርኩ። ቁጣ አልነበረውም። እናት ልጇን የምትጠይቀው ዓይነት ነው። እጽፋለሁ አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው የፈራሁት።

ሜሮን ሦስቴ ደውላለች። አላነሳሁም። ጻፍኩ፦

«ሰዎቹ» ብዬ የተረጎምኩት ስህተት ነው። ስህተቱ የኔ እንጂ የምስክሯ አይደለም። የተናገሩት ስለ አንድ የመንግሥት ሹም ነው።

የሥራ ቦታ፦ ሞላሁት። ስም፦ የራሴን ቶሎ ጻፍኩ። የአባባ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ጎረቤላ ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች ይሳሳቃሉ፤ የ5 ሰዓት ክፍሌ ናቸው።

የአባባን ጻፍኩ። ከዚያ የአያቴን። ፈረምኩ፤ ላክሁት።