ከሮቤ የወጣ ካሮት

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1998 ዓ.ም.
ለወንድሜ ለጀሊል፣ ናዝሬት

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔም አባባም በአላህ ፈቃድ ደህና ነን፤ አንተስ ብርዱን እንዴት ይዘኸዋል?

የባሌ ካሮት ገበያችሁ ደርሶ «ሲነክሱት ውሃው አፍ ይሞላል» ብለህ የጻፍከውን ለአባባ አነበብኩላቸው። «የኛ ውሃ ጀሊል ጋ ደረሰ በይኛ» አሉ።

ዘንድሮ ጎረቤቱ ሁሉ ካሮት ዘርቶ ከወንዙ በሞተር ያጠጣል፤ እኛም እንደዚያው። ታጥቦ ካልተጫነ ደግሞ ነጋዴው አይወስድም። ወንዙ በኛ በኩል ስለጎደለ እኔ አሁን የቤቱን ውሃ የምቀዳው ከድልድዩ ማዶ ሄጄ ነው፤ መንገዱን ለምጄዋለሁ።

አባባ ለሶላት በውሃ ፈንታ በአፈር ተየሙም ማድረግ ጀምረዋል። ውሃ ላጣ ወይም ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው። እሳቸው «እግሬ ብርድ አልቻለም» ይላሉ፤ ውሃ ላሙቅልዎ ብላቸውም ጎንበስ የሚሉት ወደ አፈሩ ነው። ትናንት ለአሱር ሶላት መዳፋቸውን አፈሩ ላይ እንዳሳረፉ፣ ካሮት የጫነው አይሱዙ ውሃ እያንጠባጠበ በደጃችን አለፈ። መኪናው እስኪርቅ ጠብቀው ፊታቸውን አበሱ።

አባባ ሰላም ብለውሃል፤ አላህ በሰላም ያገናኘን። ለአረፋ ስትመጣ ልብስ አትግዛልን፤ ክዳኑ የሚጠብቅ ጀሪካን ይበቃናል።

እህትህ ዙሀይራ