ጋሽ ቀጭና ያቆሙት የሰንጢ ቤት

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው ወንድማችን ከባቡር ጥገናው ግቢ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ ከቁልፍ ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ይህን የሚጽፈው ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ሲሆን የፊተኛው የአባታችን የሥራ ቦታ ስለነበር፣ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው በተሰበሩ ቁልፎች ሣጥን ላይ ነበር። ወንድማችን ገና ፊደል ሳይለዩ የእናታችንን መቀስ ፈታትተው፣ ሁለቱን ስለቶች ለየብቻ ይዘው በኩራት አሳዩአቸው። እናታችን ልብሷን የምትጠብቅ ደንበኛ ከፊታቸው ተቀምጣ ነበርና ያልተቆጡት ቁጣ አልነበረም። አባታችን ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መቀሱ እዚያው እንዲገጠም ብቻ አዘዙ። መቀሱም ተገጠመ። ከበፊቱ በተሻለ ይቆርጥ እንደነበር እናታችን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲመሰክሩ ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሠፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። እውነቱን ማስቀመጥ ተገቢ ነውና በንባብና በጽሕፈት መካከለኛ፣ በሒሳብና በሥዕል ግን ከክፍሉ ቀዳሚ ነበሩ። የሒሳብ መምህራቸው ኮምፓስ በላላ ቁጥር ወደ እሳቸው ወንበር ይልኩት እንደነበር የዘመን ጓደኞቻቸው ያስታውሳሉ። ከዚያም በቴክኒክ ትምህርት ቤት በብረታ ብረት ክፍል ሠልጥነው በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀዋል።

ሥራ የጀመሩት በገበያው መግቢያ ቢላዋና መቀስ ይስሉ ከነበሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ሰንጢ እንደሚታወቀው ስለቱ ወደ እጀታው የሚታጠፍ ቢላዋ ነው። ስለቱ ሲዘረጋ ጸንቶ እንዲቆም የሚያደርገው በእጀታው ጀርባ የተደበቀው ሞላ ነው። ወንድማችን ለመሳል የሚመጣላቸውን ሰንጢ ሁሉ ሲመረምሩ ሰው የሚቸገረው በደነዘዘ ስለት ብቻ ሳይሆን በደከመ ሞላ ጭምር መሆኑን ተረዱ። በሃያ አራት ዓመታቸው አንዲት መስኮት ያላት አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ምድጃና ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ አስገብተው፣ ሰንጢ ከሥሩ ጀምረው መሥራት ያዙ። ሠርተው የጨረሱትን ጆሯቸው ሥር አድርገው ይዘረጉታል፤ ሞላው «ቀጭ» የሚል ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ፈገግ ይላሉ፤ ካላሰማ ይፈቱታል። የመንገዱ ልጆችም ይህን አይተው «ጋሽ ቀጭ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ እንደዚያው ጸድቆ በባንክ ቤት መስኮት ሳይቀር የሚጠሩት በዚሁ ነበር።

ጋሽ ቀጭ ከዛሬዋ ሐዘንተኛ ባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በሥራ ነው። ባለቤታቸው ከቀንድ ማበጠሪያ የሚሠሩ ባለሙያ ነበሩ። መጋዛቸውን ሊያስሉ መጥተው ተራቸውን ሲጠብቁ አንድ ሰንጢ አንሥተው ጨበጡና፣ ስለቱ መልካም ሆኖ ሳለ እጀታው የማማሰያ እጀታ እንደሚመስል ፊት ለፊት ነገሯቸው። ወንድማችን በሥራቸው የመጣ ነቀፌታ የማይወዱ ሰው ቢሆኑም፣ በዚያ ቀን መጋዙን ስለው ሲያበቁ ዋጋ መቀበሉን ረስተውታል። በዓመቱ በጋብቻ ተጣመሩ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሰንጢ እጀታ ሁሉ በባለቤታቸው እጅ የተቀረጸ ቀንድ ሆነ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆችም አፍርተዋል።

የቤቱን ሥርዓት ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪኩን ማጉደል ነው። ማንኛውም ሰንጢ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት፣ የገጣጠመው ሠራተኛ በምሳ ሰዓት ብርቱካን ይልጥበታል። ልጣጩ ሳይበጠስ ከወረደ ስለቱ ደኅና ነው። ሠራተኛው ጣቱን ሳይሰበስብ፣ ተደላድሎ ከላጠ ደግሞ ሞላው ደኅና ነው። ሠራተኛው ሁሉ ብርቱካን አንገሽግሾት ለጎረቤት ያድል ስለነበር፣ አጠገባቸው ያሉት ፀጉር አስተካካይ ቤቱ የሚሸጠው ሰንጢ ይሁን ብርቱካን በየዕለቱ ይጠይቁ ነበር።

ሥራው ሰምሮ ሠራተኛው በበዛበት ወቅት አንድ ትልቅ ችግኝ ጣቢያ ለአትክልተኞቹ ሁሉ የችግኝ ማዳቀያ ሰንጢ አዘዘ። የማስረከቢያው ቀን ቀረበ። ለሞላው የመጣውም ብረት ከለመዱት የተለየ ነበር። ጋሽ ቀጭ ጊዜ ለመቆጠብ ሲሉ የብርቱካኑን ፈተና አስቀርተው ሰንጢዎቹን ሁሉ በጆሯቸው ብቻ ፈተኑ። ድምፁ ነበረ፤ ጽናቱ ግን አልነበረም። ሰንጢዎቹን ካስረከቡ በኋላ አንድ ጎልማሳ አትክልተኛ ቅርንጫፍ ሲሰነጥቁ ስለቱ ታጥፎ ሁለት ጣቶቻቸውን ቆረጣቸው። ቁስሉ ቢድንም ጣቶቹ ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም።

ወንድማችን በሰሙበት ሰዓት ሥራውን አስቁመው ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። ጥፋቱ የእሳቸው እንጂ የማንም አለመሆኑን ለአትክልተኛው በቤተ ሰባቸው ፊት ተናገሩ። የሕክምናውንም የቤተ ሰቡንም ወጪ ቻሉ። ቀጥለው ከአትክልት ቦታ ወደ አትክልት ቦታ በእግራቸው እየዞሩ የሸጡትን ሰንጢ ሁሉ በገዛ እጃቸው ሰበሰቡ። ከዚያም ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው፣ ሞላው ልል መሆኑን አስቀድሞ ያስተዋለ ሰው እንዳለ ጠየቁ። ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። በመጨረሻ የተነሣችው በመገጣጠሚያው ክፍል ሥራ የጀመረችው ሴት ልጃቸው ነበረች።

«አባባ፣ እኔ አውቄ ነበር» አለች። «እርስዎ እሺ ካሉ በኋላ ምን እላለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

አንዱ ሲጀምር ሌላውም ተከተለ፤ ለካ ከግማሽ የማያንሱት አውቀው ኖሯል። ወንድማችን አልተቆጡም፤ እንዲህ ያለውን አክብሮት ከዚያ ቀን ወዲያ እንደማይፈልጉት ብቻ ተናግረው ወጡ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ሆነ። እሳቸው ሲሳሳቱ አፍ አውጥቶ የሚከለክላቸው ሰው በዚያ ቤት ካልተገኘ፣ ቤቱ ከእሳቸው በኋላ ሌላ እጅ መቁረጡ እንደማይቀር ያምኑ ነበር። ይህንንም ለወንድማቸው ደጋግመው አጫውተዋል።

ከአደጋው በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሰንጢ አልሸጡም። ሠራተኛው የወጥ ቤት ቢላዋ እየሠራ ሲያድር፣ እሳቸው የተዘረጋውን ስለት ቆልፎ የሚይዝ፣ በእጀታው አንገት ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ሲሞክሩ ከረሙ። አትክልተኛው ከዳኑ በኋላ ጋሽ ቀጭ ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ ቀለበቱ በማይታጠፉት ጣቶቻቸው ጭምር እስኪዞር ድረስ እንዲሞክሩላቸው ለመኗቸው። አትክልተኛው የቤቱ ተቀጣሪ አልነበሩምና የሚፈሩት አልነበራቸውም። የመጀመሪያውን ቀለበት አይተው ለሙሽራ ካልሆነ ለእሳቸው እጅ እንደማይሆን ተናገሩ። ሁለተኛውን ደግሞ የጠርሙስ ክዳን መሰላቸው። ጋሽ ቀጭ በእያንዳንዱ ስድብ እያመሰገኑ ወደ መስፋቸው ይመለሱ ነበር። በመጨረሻ አትክልተኛው ቀለበቱን በማይታጠፉት ጣቶቻቸው አዙረው ቆለፉ፤ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ተጭነው እንደማይታጠፍ አረጋገጡ፤ ከዚያም ብርቱካን ጠየቁ። እኚህ ሰው ከዚያ ወዲህ የቤተ ሰቡ ወዳጅ ሆነው ኖረዋል፤ ዛሬም የጋሽ ቀጭን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

ባለ ቀለበቱ ሰንጢ ቤቱን ከአንዲት ክፍል አውጥቶ በሰፊው ጎዳና ረጃጅም መስኮቶች ወዳሉት ወርክሾፕ አዛወረው። ለዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ ሲናወጥ እንዳይወጋቸው ጫፉ የደነዘዘ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሽቦ ልባስ የሚገፍ፣ ለጫማ ሠሪዎች ስለቱ አጭርና ሰፊ የሆነ፣ ለአትክልተኞች ሣር ውስጥ ሲወድቅ እንዲታይ እጀታው ቀይ የተቀባ ሰንጢ ተሠራ። የቤቱን ሰንጢ የገዛ ሁሉ ዕድሜ ልኩን በነጻ እንዲሳልለትም ደነገጉ። አንዳንዱ ደንበኛ ሰንጢው ሳይደነዝዝ ለወሬ ብቻ የሚመጣ መሆኑን እያወቁ፣ ስለው ወንበር ስበው ያስቀምጡት ነበር።

ሠራተኛው ግን አመሉን ቶሎ አልተወም። ጋሽ ቀጭ አዲስ ነገር ሠርተው ሐሳብ ሲጠይቁ መልሱ አሁንም «እርስዎ ያውቃሉ ጋሼ» ነበር። እሳቸውም ለማወቅ ብቻቸውን ከሆነ ሠራተኛ መቅጠር ለምን እንዳስፈለጋቸው እያጉረመረሙ ይሄዳሉ። ሴት ልጃቸው በሙያው ተምራ የወርክሾፑ ኃላፊ ከሆነች በኋላም በአባቷ ሥራ ላይ ቃል ስትተነፍስ የሰማ አልነበረም።

ወንድማችን በሰባ አራት ዓመታቸው እጅ በሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ሕመም ተያዙ። ሐኪሞች፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ሳይታክቱ አስታመሟቸው። እሳቸውም ስለ ሕመማቸው አማርረው አያውቁም፤ ላገዛቸው ሁሉ፣ ውሃ ላቀበላቸው እንኳ፣ ሳያመሰግኑ አላለፉም። ባለፈው ወር ከአልጋቸው ተነሥተው፣ ለታላቅ ወንድማቸው መታሰቢያ የሚሆን አንድ ሰንጢ ራሳቸው እንደሚሠሩ አስታወቁ። ብዙ ቀን ደከሙበት። ሲያበቃ ወንድማቸውን ወደ ወርክሾፑ አስጠርተው፣ ሰንጢውን እንደ ወጉ እንድትፈትነው በመጀመሪያ ለሴት ልጃቸው ሰጡ። የመገጣጠሚያው ክፍል ሠራተኛ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ልጃቸው ስለቱን ዘረጋች፤ ቀለበቱን አዞረች፤ ጀርባውን ገፋች፤ ደግማ ገፋች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አባባ፣ ይህን ለሰው አልሰጥም» አለች። «ቀለበቱ አይዝም፤ ስገፋው ይታጠፋል።»

ታላቅ ወንድማቸው ጉዳዩን ለማለዘብ፣ ሰንጢው ቁም ሣጥን ውስጥ ከመቀመጥ በቀር ምንም እንደማይቆርጥበት ተናገረ።

«ቁም ሣጥኑን አንድ ቀን ልጅ ይከፍተዋል» ብላ መለሰችለት።

ጋሽ ቀጭ ወደ ስለት ማውጫው ክፍል በር ዞሩ። ከዚያም በዚያ በደከመ ድምፃቸው፣ «በሩን ክፈቱት። ደግመሽ በይው ልጄ፤ እዚያ ማዶ ያሉትም ይስሙሽ» አሉ።

ልጃቸው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ስለት የሚያወጡት አንጋፋ ሠራተኛም ከወዲያ ሆነው፣ እሳቸውም ጠዋት ሞክረውት እንዲሁ እንደታጠፈባቸው ተናገሩ። ወንድማችን ሳል እስኪያቋርጣቸው ድረስ ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ ያያቸው አልነበረም። ሰንጢውን ተቀብለው በገዛ እጃቸው እንዲቀልጥ ከተጠራቀመው ቁርጥራጭ ብረት መካከል ጣሉት። ይህን የሚጽፈው ስጦታውን አላገኘም፤ ከዚያ የሚበልጥ ግን አይቷልና ቅር አላለውም።

ጋሽ ቀጭ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ እንዳለ በሰላም ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ታላቅ ወንድማቸውና በወርክሾፑ ያሳደጓቸው ሠራተኞች ሁሉ በሐዘን ላይ ይገኛሉ። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ዛሬም ሥራችሁን ትታችሁ ለቆማችሁ ሁሉ፣ እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ አንድ በአንድ ያመሰግኗችሁ ነበርና ቤተ ሰቡ በእሳቸው ፈንታ ያመሰግናችኋል።

ፈጣሪ ለደከሙት እጆቻቸው ዕረፍትን፣ ለነፍሳቸው ብርሃን ያለበትን ማረፊያ፣ ለሐዘንተኞቹ መጽናናትን ይስጥልን። ያቆሙትንም ቤት፣ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው አያሳጣው።