ሕጂ እና ሂጂ

ረቡዕ፣ ግንቦት ፲ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

በፍጹም ልቤ እናዘዛለሁ፦ ለትያትሩ ሠርግ የተዘጋጀውን ሕምባሻ ከመጋረጃው ጀርባ ቆርሼ በላሁ። ሥራዬ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ማንሾካሾክ ነው፤ ሙሽራ ሆኖ የሚጫወተው ተኽለ ቃል ሲጠፋበት ግን አፌ ሙሉ ነበር። መምህራችን ደግሞ በዛሬው ልምምድ አንድ ቃል ቢረሳ የሙሽራውን ቦታ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጡ ምለዋል።

ሙሽራዋን የምትጫወተው ለተብርሃን ተኽለን «ሠርጋችን መቼ ነው?» አለችው። መልሱ «ከመኸር በኋላ» ነው። እሱ ደነገጠና በትግርኛ «ሕጂ!» አለ፤ «አሁን» ማለቱ ነው። አራት ዓመት አስመራ ኖረው ከትግርኛ «ደሓን»ን ብቻ የሚያውቁት መምህር «ሂጂ» ያላት መሰላቸው። «ምነው ልጄ፣ ሙሽራ ይባረራል?» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

ለተብርሃን አልቸኮለችም። አንድ ጊዜ ተነፈሰች፤ ተኽለን ከራሱ እስከ እግሩ አየችው።

«ሂጂ ካልከኝ፣ ነጠላዬን ለምን ያዝክ?»

እውነትም በድንጋጤ ጫፉን ጨምድዶ ይዞታል! ሁላችን ስለሚቀጥለው ቃል ስንጨነቅ እሷ ብቻ እጁን አየች። ተኽለም እጁን አየና «እኔ ሂጂ አልኩ፤ እጄ እንቢ አለ» አላት፤ ያውም በጥሩ አማርኛ! መምህሩ ተመልሰው ተቀመጡ፤ «እኔም ያሰብኩት እንዲህ ነበር» ብለው ጺማቸውን አሻሹ። ሽበታም ዋሾ!

ተአምር ነው። መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር ዓይናችን እያየ ተወለደ። ልምምዱ ቀጥሏል፤ እኔ ግን ሳይጠፋብኝ ልጻፈው ብዬ... መድረኩ ለምን ጸጥ አለ?

ተኽለ እንደገና ቃል ጠፍቶበት ወደ መጋረጃው ዞሮ ያየኛል።

«ኣንቲ ሳባ!»