የሰኞ ዝምታ

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2007

…ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን በመሃረብ ጠረጉና ዝም አሉ፣ ተማሪ ሳለሁ ያስተማሩን ህንዱ የታሪክ መምህር። ክፍሉ ሲንጫጫ ቆይቶ ራሱ አፈረ። ከዚያ ነው የነገሩን። አገራቸው ነፃነቷን ስትጠይቅ ብዙ ታጋዮች ከእንግሊዝ በፊት የገዛ ቁጣቸውን ለመርታት ይለማመዱ ነበር። ጾም። ጸሎት። ጥጥ መፍተል። በሳምንት አንድ ቀን ዝምታ። ሃይማኖታቸው ያስተማራቸው ነው፤ ራሱን ያልገዛ ሰው አገር ቢሰጡት ምን ያደርግበታል?

ዓርብ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ላስተምር ነው። እኔ! በአባታችን ተዝካር ላይ ታናሽ ወንድሜን ኃይሉን በሰው ፊት ያዋረድኩት። ከተነጋገርን ሦስት ዓመት።

ነገ ክፍል የለኝም። እሞክረዋለሁ፤ እስኪመሽ አንድም ቃል አልናገርም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ለባለቤቴ ለወይንሸት አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ረሳሁ። ጽፌ ማሳየትም መናገር መሰለኝ።

«ምን አደረግኩህ?» አለች። በእጄ ምንም አልኳት። ጥላኝ ወጣች።

እስከ ቀትር ደስ ይል ነበር። በመስኮቱ እንጦጦ ጥርት ብሎ ይታያል። ቁጣዬን ፈለግኩት፤ ሥሩ ፍርሃት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሰፈራችን አስታራቂ ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። ለካ ወይንሸት አኮረፈኝ ብላ ጠርታቸዋለች!

«እሷ ካልበደለችህ ወንድምህ ነው» አሉ። «ሦስት ዓመት ቂም ስታኝክ ኖረህ ዛሬ ምላስህን ነከስከው! ልጥራው?»

ምላስ ቢኖረኝ «ታናሽ እሱ ነው፣ እሱ ይቅደም» እል ነበር። በአንገቴ እሺ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ለወይንሸት ሁሉንም ነገርኳት።

«ህንዶቹ ሚስት አልነበራቸውም?» አለች። ስንስቅ ዋልን።

ጋሽ ወልዴ ጋ ደውዬ ነገሩን ላስቀር ስል ስልኩን ቀማችኝ። «አንገትህ አልዋሸም» አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ለኃይሉ የምለውን ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ቀደድኩት። አንድ ቃል ተረፈ።

ጋሽ ወልዴ ኃይሉን ለዛሬ አሥር ሰዓት ቀጥረውታል፤ ከሱ ቤት ከየካ አባዶ እስከ እኛ ቀበና ታክሲ፣ ሰልፍ፣ ደግሞ ታክሲ። አሥራ አንድ ሰዓት። አሥራ አንድ ተኩል። ወይንሸት ሽሮውን ሁለቴ አሞቀች። አይመጣም።

ተንኳኳ። ኃይሉ ብቻውን ነው። ሸብቷል።

«ዲዳ ሆነ ቢሉኝ መጣሁ፣ ጋሼ» አለ።

ጋሼ አለኝ።

«አጥፍቻለሁ» አልኩት።

ጫማውን ደፉ ላይ አራገፈ። ከዚያ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።